ለሁለት ሰው የሚሆን ምሽት፦ ከናጉሩ ኮረብታ እስከ ሐይቁ ዳር



ካምፓላን የማያውቅ ነጋዴ በመካከላችን ጥቂት ነው። ኪኩቦ ላይ የጅምላ ዕቃ የትኛው በር እንደሚረክስ፣ ኦዊኖ ገበያ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ዶላር የት እንደሚመነዘር ቢጠይቁን ዓይናችንን ጨፍነን እንመራለን። «ባልና ሚስት ለብቻቸው ቁጭ ብለው የሚጫወቱበት ቦታስ የት አለ?» ሲባል ግን አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጡ አዲስ ሙሽሮች ይህንኑ ጠየቁን። የምናውቀውን ነገርናቸው፤ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብለን ደግሞ እንዲህ በጽሑፍ አደረግነው።

እኛ ስንል ባልና ሚስት ማለታችን ነው። ናጉሩ ኮረብታ ሥር ተከራይተን እንኖራለን፤ ባልትናና የሐበሻ ልብስ እንነግዳለን፤ ሁለት ልጆች አሉን። አባወራው የወሩን ግማሽ በሞያሌ፣ በናይሮቢና በቡስያ መንገድ ላይ ነበር የሚያሳልፈው። እማወራዋ ሱቅ ትጠብቃለች፣ መዝገብ ትይዛለች፣ ይህንንም የምትጽፈው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ኑሮ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። አባወራው ሲመጣ የመጀመሪያው ሰዓት የጉምሩክ ወሬ ነው፤ ሁለተኛው ዱቤ ያልከፈለው ሰው ወሬ ነው፤ ሦስተኛው የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ በጠብ የፈረሱ ትዳሮችን አይተናል፤ በዝምታ ያለቁት ግን ይበዛሉ።

የኮሜርስ ዲፕሎማ ትምህርት ላይ መጀመሪያ ከሚያስተምሩት ነገር አንዱ የእርጅና ቅናሽ ነው። መኪናው ዛሬ ቢሠራም በየዓመቱ ዋጋው ይቀንሳል፤ ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ በየዓመቱ ለዚያ ቅናሽ ሒሳብ ይይዛል። ካልያዘ፣ መኪናው የቆመ ቀን ባዶ እጁን ይገኛል። ትዳርም አገልግሎት ላይ ያለ ነገር ነው፤ በመንገዱ፣ በዕዳው፣ በልጆቹ ሐሳብ ያረጃል። ስለዚህ በመዝገባችን ላይ «የሁለት ሰው ወጪ» የሚል የራሱ መስመር ከፈትንለት፦ በወር አንድ ጊዜ፣ 100,000 የኡጋንዳ ሺሊንግ። ወደ ዶላር ሲመነዘር 30 አይሞላም። ዘመድ ሰምቶ «በዚህ የኑሮ ውድነት?» አለን። አንድ ካርቶን ዕቃ ድንበር ላይ ሲቀር ቃል ሳንተነፍስ የምንውጠው ኪሳራ ከዚህ ይበልጣል።

አሁን ወደ ቦታዎቹ እንሂድ። ሁሉንም በእግራችን የረገጥናቸው ናቸው።

ናጉሩ፦ ዳገቱና የፀሐይ መጥለቂያው

ከሠፈራችን እንጀምር። ናጉሩ በኮሎሎ፣ በቡኮቶ፣ በንቲንዳና በናካዋ መካከል ያለ ኮረብታ ነው። ሰው የሚያውቀው በፖሊስ ጠቅላይ መምሪያውና በቻይና መንግሥት እርዳታ በተሠራው ሆስፒታል ነው። ከኮረብታው በታች የነበሩት የድሮ የመንግሥት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረሱ። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ዓለም ነው፦ ትልልቅ ዛፎች፣ ባለ አጥር ቤቶች፣ ጥቂት መኪና።

ዳገቱን በእግር ውጡት። ቦዳ ቦዳ አትያዙ። ዳገቱ ያስለከልካል፤ የሚያለከልክ ሰው ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት አይችልም። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብሎ አንዱ የሌላውን እጅ ሲይዝ ምሽቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ከኮረብታው ላይ ስካይዝ ሆቴል አለ። ከዚያ ከተማው በሙሉ ከእግር በታች ይሆናል፤ ፊት ለፊት ኮሎሎ፣ ከዚያ ወዲያ የመሀል ከተማው ፎቆች፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ደግሞ ሐይቁ በስተደቡብ ያበራል። እዚያ ራት መብላት ግዴታ አይደለም። አንድ ቡናና አንድ ጭማቂ አዝዞ ፀሐይ እስክትጠልቅ መቀመጥ ይቻላል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ራቱን ወርደን ሌላ ቦታ እንበላለን።

ሰዓቱን አጥብቁ። ካምፓላ የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ጨለማውም ይፈጥናል፤ እንደ መጋረጃ ዱብ ይላል። ከ12 ሰዓት በፊት ደርሳችሁ ተቀመጡ። ደስ የሚለው ደግሞ ባጋንዳዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው፤ ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለውን እነሱ «ሳዋ ኤሙ»፣ አንድ ሰዓት ይላሉ። ሉጋንዳ ቋንቋ ከሚናገር ሰው ጋር ስትቀጣጠሩ የሰዓት ስሌት ራስ ምታት የለም፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን የትኛውን አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ።

ንቲንዳ፦ ማሲንቆን የሚያስታውስ ራት

ከናጉሩ ወርዶ ትንሽ እንደሄዱ ንቲንዳ ነው። እዚያ ንዴሬ ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የንዴሬ የባህል ቡድን ቤት ነው። በተለይ እሑድ ምሽት ራት እየተበላ የኡጋንዳ ብሔረሰቦች ዘፈንና ጭፈራ ይታያል። የአንኮሌ ሰዎች እጃቸውን እንደ ረጅም ቀንዳቸው ከብቶች ዘርግተው ሲጨፍሩ፣ ሴቶቹ እንስራ በእንስራ ላይ ደራርበው በራሳቸው ተሸክመው ሲዞሩ የሐበሻ ትከሻ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም።

ግን እኛን ከሁሉም በላይ የያዙን መሣሪያዎቹ ናቸው። «ኤንዴሬ» ዋሽንት ነው፤ የማዕከሉም ስም የመጣው ከዚያ ነው። «ኤንዲንጊዲ» ባለ አንድ ጅማት ነው፤ በደጋን ይገረፋል፤ የማሲንቆ ወንድም ነው። «ኤንዶንጎ» ደግሞ ክራር ነው ማለት ይቻላል። በሩቅ አገር የአገርህን መሣሪያ ድምፅ ባልጠበቅህበት ስትሰማ፣ አጠገብህ ያለው ሰው ማብራሪያ ሳያስፈልገው የሚገባው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ያን ምሽት ብዙ አልተናገርንም። የዚያ ምሽት ዝምታ ግን ቤት ውስጥ እንደምናውቀው ያለ ዝምታ አልነበረም።

መሣሪያዎቹን በቀን ብርሃን በእርጋታ ማየት የፈለገ ወደ ኡጋንዳ ሙዚየም ይሂድ። ከናጉሩ ሩቅ አይደለም፤ ኪራ መንገድ ላይ ካሞክያ አጠገብ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ አሁን ያለበት ሕንጻ የተከፈተው በ1954 ነው። ከጀርባው ባህላዊ ጎጆዎች ተሠርተዋል። መግቢያው ኪስ አይጎዳም፤ ወሬ ለሚቸግራቸው አዲስ እጮኛሞች ደግሞ እያንዳንዱ መስታወት አንድ የወሬ ርዕስ ይሰጣል።

ስለ ኡጋንዳ ምግብም አንድ ነገር እንበል። ለሁለት ሰው የምንመክረው ሉዎምቦ ነው። ዶሮ ወይም ሥጋ ወይም የለውዝ ወጥ በሙዝ ቅጠል ታስሮ በእንፋሎት ይበስላል። እኛ ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልለን እንደምንጋግረው ያለ ሽታ አለው። ከካባካ ምዋንጋ ቤተ መንግሥት ማዕድ ቤት የወጣ ምግብ ነው ይባላል። ቅጠሉ የሚፈታው ገበታ ላይ ነው፤ እንፋሎቱ ፊት ላይ ሲወጣ ሁለቱም ሰው ጎንበስ ይላል። በዚያ ላይ ጉርሻ ካከላችሁበት አስተናጋጆቹ ሳቅ ይላሉ። ይሳቁ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል እኛ በሁለት እንጨርሳለን።

ኮሎሎ፦ ጾም ላይ ለሆነ ባልና ሚስት

ከናጉሩ ማዶ ኮሎሎ ነው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1962 ነጻነቷን ያወጀችበት ሜዳ እዚያ ነው። አካሲያ ጎዳናና ኪሴሜንቲ የሚባለው አካባቢ በምግብ ቤትና በካፌ የተሞላ ነው። ወጣቶቹ እዚያ ይወዳሉ። ሙዚቃው ግን ከመሸ በኋላ ይጮኻል፤ ለመነጋገር የሚሄድ ሰው በጊዜ ይግባ።

ከእኛ መካከል ጾም የሚጾም ብዙ ነው፤ «ረቡዕና አርብ፣ ዐቢይ ጾምም ሲሆን የት እንብላ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ የህንድ ምግብ ቤት ነው። ህንዶች በኡጋንዳ ረጅም ታሪክ አላቸው፤ ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 በ90 ቀን ውስጥ ውጡ ብሎ አባረራቸው፤ ብዙዎች ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ንግዳቸውን አቋቋሙ። ብዙዎቹ ሥጋ ስለማይበሉ ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ጎመኑን፣ ድንቹን እንደ በየዓይነቱ ያሳምሩታል። ኮሎሎ ላይ ካና ካዛና የሚባለው ታዋቂ ነው።

ጥንቃቄ ግን አለ። ለእነሱ ሥጋ የሌለው ማለት የጾም ማለት አይደለም። ቅቤ፣ እርጎና ክሬም ያስገቡበታል፤ ፓኒር የሚሉትም አይብ ነው። «ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ የለበትም?» ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ፤ በዘይት ሥሩልን ስትሏቸው ይሠሩላችኋል። ቂጣውም ላይ ቅቤ እንዳይቀቡት ንገሯቸው።

ሌላው ሒሳብ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ 18 በመቶ ነው። አንዳንድ ቤት ዝርዝሩ ላይ የጻፈው ዋጋ ታክሱን ይጨምራል፤ አንዳንዱ አይጨምርም፤ ከላዩ ላይ የአገልግሎት ክፍያ የሚያክልም አለ። ስሙን የማንጠራው አንድ ቤት ውስጥ የመጣልን ሒሳብ ካሰብነው በሩብ በልጦ ተገኘ። ነጋዴ ዋጋ ሳይጠይቅ ዕቃ አይጭንም፤ ምግብም ሲያዝ «ይህ ዋጋ ታክስ ጨምሮ ነው?» ቢል የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከምግቡ በኋላ ከሚመጣ መኮሳተር ከምግቡ በፊት ያለ ጥያቄ ይሻላል።

ኪካያና አሮጌው ካምፓላ፦ ጸጥታና ከፍታ

ሁልጊዜ ገንዘብ ላይኖር ይችላል። ወር ባዶ የሆነ ጊዜ ኪካያ ኮረብታ ላይ ወዳለው የባሃኢ ቤተ መቅደስ እንሄዳለን። ከናጉሩ በቡኮቶና በኪሳሲ በኩል ይደረሳል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀ፣ ዘጠኝ ጎንና ዘጠኝ በር ያለው፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው የእምነቱ ቤተ መቅደስ ነው። ማንም ሰው፣ ከየትኛውም እምነት፣ ያለ ክፍያ ይገባል። እኛ የምንሄደው ለግቢው ነው፤ ሣሩ ሰፊ፣ ዛፎቹ የቆዩ፣ ጸጥታው ከባድ ነው። የአምልኮ ስፍራ ስለሆነ ጨዋ አለባበስና ጨዋ አቀማመጥ ይፈልጋል። መተቃቀፍ ለሚፈልግ ቦታው አይደለም፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ ማሰብ ለሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

በተቃራኒው የከተማውን ግርግር ከላይ ማየት ለሚፈልግ አሮጌው ካምፓላ ኮረብታ ላይ ያለው ብሔራዊ መስጊድ አለ። በጋዳፊ ድጋፍ የተጠናቀቀ ስለሆነ ሰው የጋዳፊ መስጊድ ይለዋል። ጎብኚ ትንሽ ከፍሎ ከአስጎብኚ ጋር ሚናሬቱ ላይ ይወጣል። ሴቶች የሚከናነቡትና የሚያገለድሙት ጨርቅ እዚያው ይሰጣቸዋል፤ ነጠላ የያዘች ሐበሻ ግን ግማሹን ተዘጋጅታ ነው የምትመጣው። ደረጃው ብዙ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው አይሞክረው።

ከላይ ሲታይ ኦዊኖ ገበያ የቆርቆሮ ባሕር ነው፤ የታክሲ መናኸሪያዎቹ ነጭ ጉንዳን የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ሰው እንዳይወድቅብን፣ ኪሳችን እንዳይገባ፣ ዕቃችን እንዳይረጥብ ስንራወጥበት የዋልንበት ቦታ መዳፍ አክሎ ይታያል። እማወራዋ ያን ቀን «የምንጨቃጨቅበት ሁሉ እዚህች ውስጥ ነው?» አለች። አባወራው ሱቁን በጣቱ ሊያሳይ ሞከረ፤ አላገኘውም። ተሳሳቅን።

ሐይቁ ዳር፦ የሚቆረጥ ነገር ላለው ሰው

ቪክቶሪያ ሐይቅን ባጋንዳዎች ናሉባሌ ይሉታል። ከአፍሪካ ሐይቆች ትልቁ ነው፤ የእኛ ጣና ወደ 20 ጊዜ ይገባበታል። ከሁለታችን አንዷ ጣና ዳር ስላደገች ሐይቅ ሲያዩ መቆም ልማድ ሆኖብናል።

ኪስ ለደላው ሙንዮንዮ አለ። እዚያ ያለው የስፒክ ሪዞርት ግቢ ሰፊ ነው፤ ሐይቁ ዳር እየተሄደ ይዋላል። እንደ እኛ ላለው ደግሞ አጠገቡ ጋባ አለ። ጋባ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያቆሙበት ወደብና ገበያ ነው። ቲላፒያው ሙሉውን ተጠብሶ ከነራሱ ይመጣል፤ በእጅ ይበላል። ሽታው የገበያ ሽታ ነው፤ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፤ መላጣ ራስ ያላቸው ትልልቆቹ ማራቡ ወፎች አጠገብ ቆመው እንደ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ይጠብቃሉ። ፍቅር የግድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አይፈልግም።

ይህን የምንለው እዚያ የሆነ ነገር ስላለ ነው። አባወራው መንገዱን ይቀጥል ወይስ ይቀንስ የሚለውን ነገር ለስምንት ወር በስልክ ተነጋግረንበታል። በስልክ ሁልጊዜ የሚመጣው መልስ ቁጥር ነበር፦ ይህን ያህል ገቢ፣ ይህን ያህል ክፍያ፣ ይህን ያህል ዕቁብ። ቁጥሩ ሁልጊዜ «ይቀጥል» ይል ነበር። ጋባ ላይ ዓሣው አልቆ እጃችንን ታጥበን፣ ማዶ ማዶውን እያየን ሳለ አባወራው ከየትም ሳይጠየቅ «መንገዱ ደክሞኛል፤ ሌሊት አውቶቡስ ውስጥ ስነቃ የት አገር እንዳለሁ የሚጠፋኝ ጊዜ አለ» አለ። በስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ጉልበተኛ የሚባል ወንድ ደንበኛ ፊት፣ ልጅ ፊት፣ ሱቅ ውስጥ እንዲህ አይልም። ውሃ ፊት ለፊት ሲኖርና ማንም የሚቸኩል ሳይኖር ነው የሚለው።

ከዚያ ከሰዓት በኋላ መንገዱን በሁለት ወር አንድ ጊዜ አደረግነው። ለሌላው ጭነት አስተላላፊ ቀጠርን። ገቢያችን ቀንሷል፤ አንዱን ዕቁብ ትተናል፤ ይህን አንደብቅም። ትልቋ ልጃችን ግን አሁን የሒሳብ የቤት ሥራዋን የምትጠይቀው አባቷን ነው። በመዝገባችን ላይ ይህ የት እንደሚገባ እስካሁን መስመር አላገኘንለትም።

ስለ ጀልባ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሐይቁ ላይ ለመንሸራሸር ጀልባ የሚያከራዩ አሉ፤ ደስ ይላል። ግን የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለሁለታችሁም ከሌለ አትሳፈሩ፤ ከመጠን በላይ ሰው ከጫነም ውረዱ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 አንዲት የመዝናኛ ጀልባ በዚሁ ሐይቅ ላይ ሰምጣ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ባሕር ይሆናል።

ካባላጋላ፦ እስከ በረካ መቆየት

ካባላጋላን ሳንጠራ ብንጨርስ ትስቁብናላችሁ። እንጀራው፣ ጥብሱ፣ ሽሮው፣ ቡናው እዚያ ነው። ግን ለባልና ሚስት ምሽት ካባላጋላ አንድ ችግር አለው፤ ሁሉም ሰው ያውቃችኋል። አንዱ መጥቶ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሌላው «የሞያሌው መንገድ እንዴት ነው?» ይላል፣ ሦስተኛው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እንግዳ ተቀባይነታችን ነውና አንነቅፈውም። ብቻ ለሁለት ሰው ምሽት ከፈለጋችሁት የቀኑ አጋማሽ ላይ ሂዱ፤ ከምሳ በኋላ ሰው ሲሳሳ ቡና አፍሉልን በሉ። አቦሉን ጠጥቶ መነሳት የነጋዴ ልማድ ነው። ቶናውን ጠብቁ፤ በረካው ላይ ድረሱ። ቁም ነገር የሚወጣው ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው።

ካባላጋላ ላይ ስንቀመጥ የማንረሳው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እየታየ ሳለ በሁለት ቦታ ቦምብ ፈነዳ፦ አንዱ ካባላጋላ በሚገኘው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት፣ ሌላው ከናጉሩ ብዙም በማይርቀው የኪያዶንዶ ራግቢ ክለብ ሜዳ። ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ራት ሊበሉ፣ ኳስ ሊያዩ፣ ከሚወዱት ሰው ጋር ሊቀመጡ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ካባላጋላ እንደገና ወንበሯን አወጣች፤ እንጀራውም ተጋገረ። ዛሬም በትልልቅ ቦታዎች መግቢያ ላይ ፍተሻ አለ፤ ቦርሳችሁን ሲፈትሹ አትቆጡ። እኛ ደግሞ እዚያ በሰላም ቡና ጠጥተን በተነሳን ቁጥር ተመስገን እንላለን።

ጂንጃ፦ አንድ ቀን ሙሉ ያገኘ

ሱቅ ተዘግቶ አንድ ቀን ሙሉ ከተገኘ ወደ ጂንጃ ሂዱ። ከካምፓላ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቡስያና የማላባ መንገደኛ ሁሉ በመስኮት የሚያየው ከተማ ነው። ብዙዎቻችን መቶ ጊዜ አልፈንበት አንድ ጊዜ አልወረድንበትም። በመንገዱ ላይ የማቢራ ደን አለ፤ ናጄምቤ ላይ በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብስና «ጎንጃ» የሚባለውን የተጠበሰ ሙዝ እየሮጡ ወደ መስኮት ያመጣሉ።

ነጭ አባይ ከሐይቁ የሚወጣው ጂንጃ ላይ ነው። በጀልባ ወደ መነሻው ይወስዷችኋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የተከፈተው በብረት ገመድ የተወጠረው ድልድይም ማታ መብራቱ ያምራል። እዚያ ቆሞ ከጣና የሚወጣውን የእኛን አባይ አለማሰብ አይቻልም። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ተነሥተው፣ አንዱ ረግረጉን አንዱ ገደሉን አልፈው ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። እኛ ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ የወሩ ምሽታችን ስሙ «ካርቱም» ሆኗል። አባወራው ከመንገድ ሲደውል «ካርቱም መቼ ነው?» ይላል፤ ልጆቹ የጂኦግራፊ ትምህርት ይመስላቸዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት

በመጨረሻ፣ ከልምዳችን የወጡ ጥቂት ምክሮች፦

ቀኑን በንግድ ቀን መቁጠሪያ ምረጡ። ከእንቁጣጣሽና ከፋሲካ በፊት ያለው ሳምንት የባልትናና የልብስ ነጋዴ ቀን አይደለም፤ አእምሮው ሱቅ ነው። ከበዓሉ በኋላ ያለው ሳምንት ግን ወርቅ ነው። ዝናቡንም አስቡ፤ ካምፓላ አጥብቆ የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። አገር ቤት ክረምት ሲሆን እዚህ ሰማዩ ይሻላል።

ቦዳ ቦዳውን ለዕቃ ተዉት። የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ ሞተር ላይ መውጣት አደጋም ነው፣ ቀሚሱም ይጎዳል። በስልክ የሚጠራ መኪና ያዙ፤ ዋጋው አስቀድሞ ይታያል። ምሽት ላይ የጂንጃ መንገድና ሉጎጎ ይጨናነቃሉ፤ ከናጉሩ፣ ከንቲንዳና ከኮሎሎ ሳትወጡ ማምሸት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ስልኩን በተመለከተ እኛ ቤት ሕጉ አንድ ነው፦ ልጆቹን የምትጠብቀው ጎረቤት የምትደውልበት አንድ ስልክ ብቻ ይከፈታል። የሞባይል ገንዘብ መልእክት ነገም ይነበባል።

ተራ በተራ ምረጡ። በዚህ ወር አባወራው ከመረጠ በሚቀጥለው እማወራዋ ትምረጥ። የመረጠው ሰው አይወቀስም፤ ቦታው ባያምርም ሁለቱ አብረው ይስቁበታል።

ባለቤቶቻችሁን አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጎንደር ትታችሁ እዚህ ለብቻችሁ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም አላችሁ። በዓመት አንድ ጊዜ አስመጧቸው። ከአዲስ አበባ እንጦቤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሲመጡም የመጀመሪያውን ቀን ወደ ሱቅ አትውሰዷቸው። ሱቁ ነገም አለ።

በእኛ በኩል የዚህ ወር ተራ የእማወራዋ ነው፤ ናጉሩን መርጣለች። ዳገቱ ላይ ካገኛችሁን ሰላም በሉን፤ የበርበሬ ዋጋ ግን በማግስቱ ሱቅ መጥታችሁ ጠይቁን።